ፎቶግራፍና ፊደል በአንድ ገጽ ላይ፤ የታተመ ሥዕል የታሪክ ጉዞ

በመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ላይ የሚገኝ ፎቶግራፍ በክፍል ውስጥ የሚገጥመው ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መምህሩ ምንባቡን ያስነብባል፤ የከበዱትን ቃላት በሰሌዳ ላይ ጽፎ ይፈታል፤ ስለ ይዘቱም ይጠይቃል። ፎቶግራፉን ግን «በሥዕሉ እንደምታዩት» ብሎ ያልፈዋል። ቃል መፈታት አለበት፣ ሥዕል ግን ራሱን በራሱ ይገልጻል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ይህ እምነት በእጅ ለተሣለ ሥዕል ያን ያህል አይጸናም፤ ከሥዕሉ በስተጀርባ አንድ ሠዓሊ እንዳለ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃልና። ፎቶግራፍን በሚመለከት ግን መሣሪያው ያየውን እንዳለ አስቀርቷል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ምን እንደ ተቆረጠለት፣ ከአጠገቡስ ያ ጽሑፍ ለምን እንደ ቆመ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ አንባቢ እጅ የሚደርሰው የታተመ ፎቶግራፍ ከካሜራ እንደ ወጣ የቀረበ አይደለም። ተመርጧል፤ ተከርክሟል፤ እንዲተልቅ ወይም እንዲያንስ ተደርጓል፤ በመጨረሻም ከቃል ጋር ተጋብቷል። ይህ ጽሑፍ ያ ጋብቻ እንዴት እንደ ተፈጸመና ምን እንዳስከተለ ይመረምራል። ታሪኩ በአመዛኙ የአውሮፓ ነው፤ የተጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎቶግራፍ ወደ ማተሚያ ቤት የገባበት መንገድ

የፎቶግራፍ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የሰውን መልክ ለማስቀረት ከነበረው ምኞት ተነሥቶ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ፈልሳፊዎች አንዱ የነበረው ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ ግን ያስጨነቀው የኅትመት ጉዳይ ነበር። ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ሬንጅ መሰል ቅብ በብረት ሰሌዳ ላይ እየቀባ፣ ቀደም ሲል የተቀረጸን ሥዕል በብርሃን አማካይነት ወደ ሰሌዳው እያዛወረ፣ ሰሌዳውንም በአሲድ እያስበላ በቀለም ለማተም ሞከረ። በ1826 የአንድ ካርዲናል መልክ ያለበትን የቆየ ሥዕል በዚህ ዘዴ ለማባዛት በቃ። ከቤቱ መስኮት ያነሣውና እስካሁን ከተረፉት የካሜራ ፎቶግራፎች ሁሉ ጥንታዊ የሚባለው ምስልም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ገና ሲፀነስ ጀምሮ ዓይኑ ያረፈው በማተሚያ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ምኞቱ የተፈጸመው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። የኒየፕስ ባልደረባ ዳጌር በ1839 ይፋ ያደረገው ዘዴ በብር በተለበጠ መዳብ ላይ አንድ ምስል ብቻ የሚያስገኝ ስለ ነበር ሊባዛ አልቻለም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ የሚወጣበትን መንገድ ከፈተ፤ ከ1844 እስከ 1846 በተከታታይ ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ 24 ፎቶግራፎች ይገኛሉ። ነገር ግን ፊደሉ በማተሚያ ሲታተም እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ለብቻው ተዘጋጅቶ በእጅ ተለጥፎ ነበር። ፊደልና ፎቶግራፍ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኙ እንጂ በአንድ ማተሚያ ውስጥ አልተገናኙም።

ይህ ለምን አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለመረዳት የብራናን መጽሐፍ ማስታወስ ይጠቅማል። የብራና ጸሐፊ ለሠዓሊው ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋል፤ ሠዓሊውም በዚያው ቆዳ ላይ በብሩሹ ይሠራል። ብዕርም ብሩሽም የሚያርፉበት ገጽ አንድ ነው፤ በመካከላቸው የሚቆም መሣሪያ የለም። በማተሚያ ቤት ግን ቀለም የሚቀበለው ከፍ ያለው የፊደል ገጽ ብቻ ነው። ሥዕል ከፊደል ጋር ባንድነት እንዲታተም ከተፈለገ እርሱም ከፍና ዝቅ ያለ ሆኖ መቀረጽ፣ ቁመቱም ከፊደሉ ቁመት ጋር መስተካከል አለበት። በ1842 በለንደን የተመሠረተው ሥዕላዊ ሳምንታዊ ጋዜጣና በማግሥቱ ዓመት በፓሪስ የተከተለው አቻው ችግሩን የፈቱት በእንጨት ቅርጽ ነበር። ትንንሽ ጠንካራ የእንጨት ጡቦች በብሎን ተያይዘው አንድ ትልቅ ሰሌዳ ይሆናሉ፤ ሥዕሉ ከተነደፈባቸው በኋላ ይፈታቱና ለብዙ ቀራጮች ይከፋፈላሉ፤ ሲያልቁም ዳግም ይገጠማሉ። ዋናው ምስል ፎቶግራፍ ቢሆንም እንኳ አንባቢው የሚያየው የቀራጩን እጅ ነው። ከሥሩ «ከፎቶግራፍ የተወሰደ» ተብሎ ይጻፋል፤ አንባቢውም ቀራጩን ማመን ነበረበት።

ለውጡን ያመጣው የነጠብጣብ ክሊሼ ነው። ማተሚያ ያለው ጥቁር ቀለም ብቻ ነው፤ ግራጫ ማተም አይችልም። ፎቶግራፍ ደግሞ በአብዛኛው ግራጫ ነው። መፍትሔው ምስሉን በተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች ውስጥ አሳልፎ ወደ ነጠብጣብ መከፋፈል ሆነ። ጨለማ በሆነበት ነጠብጣቡ ይገዝፋል፣ ብርሃን በሆነበት ይቀጥናል፤ ራቅ ብሎ የሚያይ ዓይን ነጠብጣቡን ሳይለይ ግራጫ አድርጎ ያነበዋል። ይህን ለማየት አንድ አጉሊ መነጽርና አንድ የጋዜጣ ፎቶግራፍ ይበቃል፤ ተማሪ ፊቱን ወደ ወረቀቱ ባስጠጋ ቁጥር የሰውየው መልክ እየጠፋ ነጠብጣብ ብቻ ሲቀር የሚሰማው መገረም ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል። በካናዳ አንድ ሥዕላዊ ጋዜጣ በ1869 በዚህ መንገድ ሞክሮ ነበር። በኒው ዮርክ ዕለታዊ ጋዜጣ ላይ ማርች 4 ቀን 1880 የታተመው የድሆች መንደር ምስል ግን ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ ይጠቀሳል። በ1882 ጀርመናዊው ጌዮርግ ማይዘንባህ ዘዴውን በፓተንት አስከበረ፤ በአሜሪካም የመስታወት መከፋፈያው ተሻሽሎ በ1890ዎቹ ሥራው የማተሚያ ቤት ተራ ተግባር ሆነ።

የለውጡን ትርጉም አንድ መጽሐፍ ብቻውን ያሳያል። ከዴንማርክ ወደ አሜሪካ የፈለሰው የጋዜጣ ዘጋቢ ጃኮብ ሪስ፣ የኒው ዮርክ ድሆች በጠባብ ክፍሎች ታጭቀው የሚያድሩበትን ሁኔታ በብልጭታ ዱቄት ብርሃን ሌሊት እየገባ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1890 ያሳተመው መጽሐፍ ከያዛቸው ሥዕሎች 17ቱ በነጠብጣብ ክሊሼ የታተሙ ፎቶግራፎች ሲሆኑ፣ የቀሩት ከፎቶግራፍ የተገለበጡ የእጅ ሥዕሎች ነበሩ። የክሊሼዎቹ ጥራት ደካማ ነው። የእጅ ሥዕሎቹ ይበልጥ ንጹሕና ለዓይን ይበልጥ የሚስማሙ ናቸው፤ ጉድለታቸውም እዚሁ ላይ ነው። የሠዓሊው እጅ የተቀዳደደውን ልብስ ሳይቀር አሳምሮታል። በደበዘዘው ፎቶግራፍ ውስጥ ግን በድንገተኛው ብርሃን የተደናገጡት ዓይኖች እንዳሉ ይታያሉ። አንባቢው የፎቶግራፍን ምስክርነት ማመን የጀመረው በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ የኋላው ታሪክ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ እምነት ላይ ነው።

መቀስና ሙጫ

ፎቶግራፍ በማተሚያ ቤት ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል በገጽ ላይ የነበረው ቦታ የእንግዳ ቦታ ነበር። በአራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዙሪያው በሐረግ ያጌጣል፤ ጽሑፉም ከእርሱ ጋር ሳይነካካ በግራና በቀኝ ይፈስሳል። ክፈፉን የሰበሩት በበርሊን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ራሳቸውን ዳዳ ብለው የሰየሙ ወጣት ሠዓሊያን ናቸው።

ፎቶሞንታዥን ማን ፈለሰፈው በሚለው ጥያቄ ላይ እነርሱ ራሳቸው አልተስማሙም። ጆን ሃርትፊልድና ጆርጅ ግሮስ በ1916 እንደ ጀመሩት ሲናገሩ፣ ራውል ሃውስማን ደግሞ በ1918 በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ባየው ነገር እንደ ነቃ ተርኳል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የወታደር ሥዕል በገፍ የታተመ አንድ ዓይነት ሥዕል ነበር፤ ቤተሰቡ ግን የራሱን ልጅ ፊት ከፎቶግራፍ ቆርጦ በሥዕሉ ወታደር ፊት ላይ ለጥፎበታል። ክርክሩ ያለ ዳኛ ቢቀር ብዙ አይጎዳም። ከክርክሩ ይልቅ ቁም ነገር የሚሆነው ቃሉ ነው። ሞንታዥ በጀርመንኛ የፋብሪካ ቃል ነው፤ የማሽንን ክፍሎች መገጣጠም ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ሠዓሊ ከመባል ገጣጣሚ መባልን መረጡ፤ ሥራቸውም ተመስጦ ሳይሆን ስብስብ፣ ቆረጣና ገጠማ መሆኑን በስማቸው አሳወቁ።

ከመካከላቸው ሃና ሆኽ ከ1916 እስከ 1926 በታላቁ የበርሊን አሳታሚ ድርጅት በኡልሽታይን በጥልፍና በዳንቴል ንድፍ ክፍል ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ድርጅቱ በመላ ጀርመን የሚነበበውን ሥዕላዊ ሳምንታዊ መጽሔት ያሳትም ስለ ነበር የታተመ ፎቶግራፍ በእጇ የማይጠፋ ጥሬ ዕቃ ሆነላት። በ1919 የጀመረችው ትልቅ ሥራ የፖለቲከኞችን ራስ፣ የማሽን ጎማዎችን፣ የዳንሰኞችን አካልና የጋዜጣ ቃላትን በአንድ ገበታ ላይ ያደባልቃል። በአንዱ ማዕዘን ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙባቸውን የአውሮፓ አገሮች የሚያሳይ ካርታ አለ፤ የጀርመን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ነበር። ሥራው በ1920 በበርሊን በተደረገው የዳዳ ዓውደ ርእይ ላይ ታየ፤ መታየቱ ግን ቀላል አልነበረም። ስለ ዓለም መለወጥ የሚሰብኩት ጓዶቿ ግሮስና ሃርትፊልድ የአንዲት ሴትን ተሳትፎ ተቃውመው ነበር።

የባውሃውስ ትምህርት ቤት

በመቀስ የተጀመረውን ሥራ ወደ ትምህርት የለወጠው በ1919 በቫይማር የተመሠረተውና በ1925 ወደ ዴሳው የተዛወረው ባውሃውስ የተባለው የጥበብ ትምህርት ቤት ነው። በ1923 በመምህርነት የገባው የሃንጋሪ ተወላጅ ላዝሎ ሞሆሊ-ናጅ በ1925 ባሳተመው ስለ ሥዕል፣ ስለ ፎቶግራፍና ስለ ፊልም በሚናገረው መጽሐፉ «ቲፖፎቶ» የሚል ቃል አስተዋወቀ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ፊደል የሚታይ ነገር ነው፤ ፎቶግራፍም የሚነበብ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተራ በተራ ሳይሆን ባንድነት ሊናገሩ ይችላሉ። ጸሐፊው በቃል ሊል የፈለገውን ፎቶግራፉ የሚለው ከሆነ ቃሉ ይውጣ፤ ፎቶግራፉ የማይለውን ብቻ ቃል ይበል። ይኸው መምህር በሌላ ጊዜ የወደፊቱ መሃይም ፊደል ያልቆጠረ ሰው ብቻ ሳይሆን ፎቶግራፍን የማያውቅ ሰው ጭምር እንደሚሆን አስተምሯል። አባባሉ ተጋንኗል ሊባል ይቻላል፤ ፊደል ላልቆጠረ ሰው የፎቶግራፍ እውቀት ምትክ አይሆነውምና። በዘመኑ የሥዕላዊ መጽሔቶችን ጎርፍ ላየ ሰው ግን ከንቱ አልነበረም።

የትምህርት ቤቱን የኅትመት ክፍል ከ1925 እስከ 1928 የመራው ሄርበርት ባየር ነው። በ1926 ለሠዓሊው ካንዲንስኪ 60ኛ ዓመት ዓውደ ርእይ ያዘጋጀው ፖስተር የሠዓሊውን ፎቶግራፍ፣ ወፋፍራም መስመሮችንና ፊደላትን በጥቁርና በቀይ አቀናጅቶ፣ ጠቅላላውን ንድፍ ዘንበል አድርጎ ያቆመ ነው። ጥቁርና ቀይ ለብራና መጽሐፍ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በዴሳውም የተመረጠው አንድም ለዓይን ስለሚቀና፣ አንድም ሁለተኛ ቀለም ከመጨመር ያለፈ ወጪ ስለማይጠይቅ ነው። ባየር ከዚህም አልፎ የላቲንን ትልልቅ ፊደላት ከነጭራሹ እንዲቀሩ ተከራክሯል። አንድን ድምፅ ሁለት ዓይነት ፊደል መጻፍ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄው በጀርመን ብርቱ ቁጣ አስነሥቶ ነበር፤ ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል ሳይኖረው የኖረ የኢትዮጵያ አንባቢ በነገሩ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

የባውሃውስ ስም በዓለም የታወቀው በሕንፃዎቹና በዕቃዎቹ ፎቶግራፎች ነው። የእነዚህ ፎቶግራፎች ታሪክ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። አብዛኞቹን ከ1925 ጀምሮ ያነሣችው የሞሆሊ-ናጅ ባለቤት ሉሲያ ሞሆሊ ናት፤ በትምህርት ቤቱ ደመወዝተኛ አልነበረችም። በ1933 ከናዚዎች ሸሽታ ጀርመንን ስትለቅ 560 ያህል የመስታወት ኔጋቲቮቿን ይዛ መውጣት አልቻለችም። ኔጋቲቮቹ በትምህርት ቤቱ መሥራች በዋልተር ግሮፒየስ እጅ ቆይተው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1938 በኒው ዮርክ በተዘጋጀው የባውሃውስ ዓውደ ርእይ መጽሐፍና ከዚያም በኋላ በየጊዜው ያለ ስሟ ታተሙ። እርሷ በለንደን ሥራ ለማግኘት ስትቸገር፣ ለሙያዋ ምስክር የሚሆኗት ሥዕሎች በሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ባለቤት እንደሌላቸው ይዞሩ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1957 ሊመለሱላት የቻሉት 230 ያህሉ ብቻ ናቸው። ፎቶግራፍ ራሱን በራሱ የሠራ ነገር ነው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ በዚህች ሴት ላይ ያደረሰው በደል ከማንኛውም የንድፈ ሐሳብ ክርክር ይበልጥ ግልጽ ነው።

አንድ ክንድ፣ ሁለት ትርጉም

ሃርትፊልድ እውነተኛ ስሙ ሄልሙት ሄርትስፌልድ ነው። በ1916 በጀርመን የነበረውን ፀረ እንግሊዝ ጥላቻ በመቃወም ስሙን ወደ እንግሊዝኛ ለወጠ። ከ1930 እስከ 1938 «የሠራተኞች ሥዕላዊ ጋዜጣ» ለተባለው ሳምንታዊ መጽሔት የሠራቸው ፎቶሞንታዦች በዚህ የጥበብ ዘርፍ ከፍተኛውን ደረጃ ይይዛሉ።

በኦክቶበር 1932 የወጣውን ሽፋን ረጋ ብሎ መመልከት ይገባል። ሂትለር በተለመደው ሰላምታው እጁን ወደ ኋላ አጥፎ ቆሟል። ከኋላው ፊቱ የማይታይ፣ ከገጹ በላይ የሚቀጥል ግዙፍ ሰው በዚያች በተከፈተች መዳፍ ላይ የገንዘብ ኖት ያስቀምጣል። ከአጠገቡ ያለው ጽሑፍ የሂትለርን የራሱን ፉከራ፣ ይኸውም ሚሊዮኖች ከኋላው እንደ ቆሙ የሚናገረውን ቃል ይጠቅሳል። ሚሊዮን የተባለው ሕዝቡ ነው ወይስ ገንዘቡ? በጀርመንኛውም በአማርኛውም ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። የሂትለር ፎቶግራፍ ሐሰት አይደለም፤ ንግግሩም የራሱ ነው። ከሁለቱ አንዱ ለብቻው ቢቀርብ ፕሮፓጋንዳውን ያገለግላል፤ ሁለቱ ከሦስተኛው ከባለገንዘቡ ምስል ጋር ሲገጠሙ ግን ፕሮፓጋንዳው በራሱ አፍ ይጋለጣል። ትርጉሙ የሚገኘው በየክፍሎቹ ውስጥ ሳይሆን በመጋጠሚያቸው ነው።

የማተሚያው ዘዴም የራሱ ድርሻ ነበረው። መጽሔቱ የሚታተመው ቀለም በመዳብ ጥቅል ላይ በተቆፈሩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ በሚሞላበት ዘዴ ስለ ነበር ጥላው ለስላሳ፣ የመቀሱም ጠርዝ የማይለይ ሆኖ ይወጣል። ሃርትፊልድ ራሱ ካሜራ አይዝም ነበር ማለት ይቻላል፤ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ብርሃኑ ከወዲህ ይምጣ፣ እጁ እንዲህ ይጠፍ እያለ ያሠራ ነበር። የሆኽ መቀስ በሥራዋ ላይ ይታያል፤ እንዲታይም ፈልጋለች። የሃርትፊልድ መቀስ ግን ይሰወራል፤ አንባቢው መጀመሪያ አምኖ ከዚያ በኋላ እንዲነቃ ነው። በ1933 ወታደሮች ወደ ቤቱ ሲመጡ አምልጦ ወደ ፕራግ ተሰደደ፤ በ1938 ደግሞ ወደ ለንደን ተሻገረ።

ዕቅድና ሥዕል

በሶቪየት ኅብረት ፎቶሞንታዥ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ለዕቅድ ባለሙያ ይበልጥ የሚቀርበው የታሪኩ ክፍልም ይህ ነው። አሌክሳንደር ሮድቼንኮ በ1923 ለማያኮቭስኪ የግጥም መጽሐፍ በሠራቸው ሥዕሎች ዘዴውን ከመጽሐፍ ጋር አዋሐደ። ጉስታቭ ክሉትሲስ ደግሞ የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ በፖስተር አስተዋወቀ። በ1930 የሠራው ፖስተር አንድ ግዙፍ የተዘረጋ መዳፍ ያሳያል፤ በውስጡ ሌሎች ብዙ መዳፎች ተደራርበዋል። ለሞዴልነት ያገለገለው የራሱ እጅ ነው። የቶንና የኪሎዋት ሰንጠረዥ ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ ዕቅዱ የጋራ እጅ ሆኖ ቀረበለት። በግራፊክ ጥበብ መለኪያ ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ መሆኑን መካድ አይቻልም። ክሉትሲስ በ1938 በጃንዋሪ ተይዞ በፌብሩዋሪ ተረሸነ።

ከ1930 እስከ 1941 በበርካታ ቋንቋዎች የታተመው «ሶቪየት ኅብረት በግንባታ ላይ» የተሰኘው መጽሔት የአገሪቱን ምርጥ ፎቶግራፍ አንሺዎችና የገጽ ነዳፊዎች የሰበሰበ ነበር። የዲሴምበር 1933 እትም የነጭ ባሕርን ከባልቲክ ጋር ለሚያገናኘው 227 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላለው ቦይ የተሰጠ ነው። ፎቶግራፎቹን ያነሣውም፣ ገጾቹን ያቀናጀውም ሮድቼንኮ ነው። ከዚያ በፊት ለቅርጽ ብቻ ይጨነቃል ተብሎ ተወግዞ ስለ ነበር ሥራው ስሙን የሚያድስበት ዕድልም ሆኖለታል። በእትሙ ውስጥ ድንጋይ የሚፈነቅሉ ሰዎች፣ የእንጨት ግድቦች፣ በቁፋሮው አጠገብ የሚጫወት የሙዚቃ ጓድ ይታያሉ፤ ቦዩም ወንጀለኞችን ወደ መልካም ዜጋ የለወጠ ትምህርት ቤት ተደርጎ ተገልጿል። ሠራተኞቹ እስረኞች ነበሩ። ከ1931 እስከ 1933 በቆየው ሥራ የሞቱት በመንግሥቱ በራሱ መዝገብ እንኳ ከ12,000 በላይ ናቸው። ከእነዚያ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ እንደ እውነተኛ ቅጽበት የተነሡ ናቸው፤ የሙዚቃው ጓድ በእርግጥ ተጫውቷል፤ ድንጋዩም በእርግጥ ተፈንቅሏል። የተጎደለው ያልተነሣው፣ ያልተመረጠውና ያልታተመው ነው። አንባቢ ገጹን ብቻ አይቶ ይህን ሊደርስበት የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

የዚሁ ሰው ሌላ ሥራ የጉዳዩን ሁለተኛ ገጽታ ያሳያል። በ1934 ሮድቼንኮ የኡዝቤኪስታንን አሥረኛ ዓመት የሚያከብር የተዋበ አልበም አዘጋጀ፤ የሪፐብሊኩ መሪዎች ፎቶግራፎችም በሙሉ ገጽ ታተሙበት። ከ1937 ጀምሮ ከመሪዎቹ ብዙዎቹ የሕዝብ ጠላት ተብለው ተገደሉ፤ የእነርሱን ሥዕል በቤት ማስቀመጥም አደገኛ ሆነ። ሮድቼንኮ የራሱን ቅጂ አወጣና የሟቾቹን ፊት አንድ በአንድ በጥቁር ቀለም ደፈነ። አልበሙን በ1984 በሞስኮ ያየው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኪንግ፣ በዚያ ዘመን ስለ ተሰረዙ ፎቶግራፎች ባሳተመው ጥናት ለዓለም አሳወቀው። ልብስና ትከሻ እንዳለ ሆኖ፣ በራስ ፈንታ የቀለም ደመና የቆመባቸው እነዚያ ገጾች በገጽ ንድፍ ታሪክ ውስጥ አቻ የላቸውም። ገጹን ያሳመረውና ገጹን ያጠፋው እጅ አንድ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ምርጫ ነበረው ብሎ ከሩቅ መፍረድ ቀላል ነው፤ በቤቱ ግን ባለቤቱና ልጁ ነበሩ።

የዙሪኩ ፖስተር

በጀርመን አዲሱን የኅትመት ጥበብ በ1928 በመጽሐፍ ያሰባሰበው ያን ቺኮልት በ1933 ታስሮ ከተፈታ በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ። የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሄርበርት ማተርም ከ1934 ጀምሮ ለአገሩ ቱሪዝም በሠራቸው ፖስተሮች በርሊንና ሞስኮ ለትግል የተጠቀሙበትን ፎቶሞንታዥ ተራራና በረዶ እንዲያስተዋውቅ አደረገው። ዘዴው ከፖለቲካ ወጥቶ ወደ ዕለት ተዕለት ኑሮ የገባው በዚህ በኩል ነው።

በዚህ መንገድ ከተገኙት ሥራዎች መካከል ለትምህርት ሰዎች ይበልጥ የሚጠቅመው ዮሴፍ ሙለር-ብሮክማን በ1953 ለስዊዘርላንድ አውቶሞቢል ክለብ ያዘጋጀው የመንገድ ደኅንነት ፖስተር ነው። የፎቶግራፉ ሥራ የኤርንስት ሃይኒገር ነው። የዚያ ዘመን የደኅንነት ማስታወቂያ የተለመደ መንገድ ደም፣ የተሰበረ አካልና የምታለቅስ እናት ማሳየት ነበር። ሙለር-ብሮክማን ይህን ሁሉ ተወ። ፖስተሩን ከዳር እስከ ዳር የሞላው ዘንበል ብሎ የሚበር ሞተር ብስክሌት ነው፤ ከፊቱ አንድ በጣም ትንሽ ልጅ ይሮጣል። የጎማው ግዝፈትና የልጁ ማነስ በተፈጥሮ መጠናቸው አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተመጠነ ነው። አደጋው ገና አልደረሰም፤ ተመልካቹም በዚያች ቅጽበት ፍሬን የሚይዝ ወይም የማይዝ አሽከርካሪ ሆኖ ይቆማል። ጽሑፉ «ልጁን ጠብቁ!» የሚል ሦስት የጀርመንኛ ቃላት ብቻ ነው።

ይህን ፖስተር በክፍል ውስጥ ለመፍታት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ጽሑፉን በወረቀት መሸፈን ነው። የቀረው ሥዕል የሞተር ብስክሌት ውድድር ማስታወቂያ ሊመስል ይችላል፤ አንዳንድ ተማሪዎች ልጁን ጭራሽ ላያዩት ይችላሉ፤ ያዩትም በደስታ እንደሚሮጥ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ቀጥሎ ሥዕሉን ሸፍኖ ጽሑፉን ብቻ ማሳየት ነው። ያን ጊዜ የሚነበበው በየግድግዳው የሚለጠፍ፣ ማንም ቆሞ የማያነበው ትእዛዝ ነው። ከዚያም ሁለቱንም መግለጥ፣ ተማሪዎቹም ልጁን ጎማው ላይ እስከሚያገኙት ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።